እስኪያነሳ ጠብቅ

«እሷማ ምኑን ትችለዋለች! ወንድሟ ቢኖር በአንድ እጁ ነበር የሚያስነሳው» ስትል እናቴን ሰማኋት። የምትነግረው ለጠበቃው ነው፤ የምታማው ደግሞ እኔን፣ የገዛ ልጇን። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ ውስጥ ቆሜ የማተሚያው ቀለም፣ የቶነር ዱቄት፣ ያጠቆረውን እጄን በሳሙና እየፈተግሁ ነበር። ቶነር እንደ ሐሜት ነው፤ ባጠብሽው ቁጥር ይሰራጫል እንጂ አይለቅም። ጠበቃው ሳቅ አለ፤ ሰው በቤቱ ሲታማ እንግዳ ለጨዋነት የሚስቃትን አጭር ሳቅ። «ኧረ እትዬ፣ እሷም እኮ ጎበዝ ናት» አለ። እናቴም ሳታመነታ «ጎበዝስ ጎበዝ ናት፤ ምላሷ ላይ» ብላ መለሰችለት።

እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ። ሱቃችን ሱቅ ይባል እንጂ የቤታችን ሳሎን ነው። ወንድሜ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ አስፈርሶ በር አወጣለት፤ መሀል ላይ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን» ሆነ፣ ወዲያ ያለው አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የሽንኩርት ሽታ። ደንበኛ አንድ ገጽ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ ምሳችን ምን እንደሆነ አውቆ ይሄዳል። አንድ ደስታ ወረቀት በዓመት ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ማንም ምንም አላለም፤ እኛ በገጽ ላይ ትንሽ ብንጨምር ግን ሰፈሩ በሙሉ ፎቅ የምንሠራ መሰለው። ከዚያ ማዶ ላይ የመስታወት በር ያለው፣ ደረጃው በየጠዋቱ የሚወለወል ሌላ ማተሚያ ቤት ተከፈተና «ማዶ እሄዳለሁ» የሚለው ቃል የሰፈራችን ትልቁ ዛቻ ሆነ። እናቴ ከኔ ወንበር ኋላ፣ ስክሪኑን በቀጥታ የሚያሳየው ቦታ ላይ የብረት ወንበሯን አስቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ወይም ምንም አትሠራም። ዓይኗ ግን ከስክሪኑ አይነቀልም። አላፊ አግዳሚው ፊልም የምታይ ይመስለዋል።

ስክሪኑ ላይ የጠበቃው የክስ መልስ ተከፍቶ ቀጥ ብሏል። የማውሷ ቀስት «ተከሳሽ» የሚለው ቃል ላይ ቆማ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ አትል። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ዳገት እንደያዘ አሮጌ አውቶቡስ ያቃስታል። ሰውዬው ደህና ሰው ነው፤ ቀልድ ይወዳል፣ እኔንም «ኢንጂነር» እያለ ይጠራኛል፤ ቢሆንም ነገ በጠዋት ፍርድ ቤት መግባት ያለበት ወረቀት ነው። «ኢንጂነር፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን...» ብሎ በአገጩ ወደ ማዶ ጠቆመኝ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። እናቴ በሩን እስኪያልፍ ጠብቃ «አየሽ? ሰው እየሸሸን ነው። መኪናው ተበላሽቷል። ልጄም ያልመጣልኝ ለዚህ ነው፤ መኪናው እንቢ እያለ ከየት ይምጣ?» አለች። ለእናቴ ሞተር ያለው ሁሉ መኪና ነው።

ነገሩ ይኼ ነው። ወንድሜ ለሥራ ርቆ ከመሄዱ በፊት፣ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ተቀምጦ አንድ ፕሮግራም ጻፈላት። ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ በራሱ ይጠራዋል፤ እሱ ባለበት ሆኖ ሲያነሳ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፤ እሱ ሲዘጋ ይዘጋል። እናቴ አንድ ቁልፍ መንካት አይጠበቅባትም። «ማንንም አታስቸግሪ፣ እማ፤ ቁጭ ብለሽ እይኝ ብቻ» አላት። ማንንም የተባልኩት እኔ ነኝ። ጎኑ ቆሜ ነበር፤ «ለእህቴ ንገሪያት፣ ትከፍትልሻለች» ማለት ከአፉ አልወጣም፤ ፕሮግራም መጻፉ ቀለለው። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረውን እኔ ከጀርባው ቆሜ በትከሻው ላይ አጮልቄ ነው የተማርኩት፤ ዲፕሎማዬ የአንገት ሕመም ነው። ለእናቴ ግን በቤቱ ውስጥ የተማረ አንድ ነው፤ እኔ የተማረው እስኪመለስ ሱቁን የምጠብቅ ነኝ።

በመጀመሪያው ሰሞን ይሠራ ነበር፤ አልዋሽም። ደንበኛ ኮፒ እየጠበቀ ስክሪኑ ድንገት ብርት ይልና ወንድሜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ዳቦ ሲገምጥ ይታያል። እናቴ ካሜራው የቱ እንደሆነ ስለማታውቅ ለማተሚያው ፈገግ ትል ነበር። ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አይታ «ቀለም ያንሰዋል፣ አስቀባው» ትለዋለች፤ መጋረጃውን አይታ «ማን አጠበልህ?» ትለዋለች፤ ደንበኛው ሳይቀር «ጤና ይስጥልኝ» ብሎት ይሄዳል። ሲዘጋ መስኮቱ ጥፍት ይላል፣ እሷም ከወንበሯ ተነስታ ጓዳ ገብታ ድስት ታማስላለች፤ ያን ቀን ወጡ ጨው አይበዛበትም። ከዚያ በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሆነ፣ የሳምንቱ በወር፣ ከዚያ ቀረ። ሥራ ቀየረ፣ ስብሰባ በዛበት፣ ጓደኛ ያዘ፤ ደግ ነው፤ የታመመ የለ፣ የታሰረ የለ። ለኔ በስልኬ አጭር መልእክት ይልካል፦ «ደህና ናችሁ? እማን ሳሚልኝ።» እሄድና ጉንጯን እስማለሁ። «የሱ ነው?» ትለኛለች ዓይኗን ጨፍና። «የሱ ነው» እላለሁ። ስንቱን መሳም ተሸክሜ አደረስኩ! እኔን ብሎ የመጣ አንድም የለም፤ ፖስታ ቤት ሆኜ ቀረሁ።

እሱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። እናቴ ሁለቱን ገጣጠመቻቸው፤ በሷ ስሌት ልጁ አልቀረም፣ መኪናው ነው ያላመጣው። ማታ ማታ እንኳ አታስጠፋኝም። «ሲመጣ ጠፍቶ ቢያገኘውስ?» ትላለች፤ በር የሚያንኳኳ ነው የሚመስላት። እኔም እሷ ገበያ ስትወጣ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ እሰካ ነበር፤ ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ይሮጣል፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ይዝላል። ጉልበቷን አሟት ገበያ መውጣት ከተወች ወዲህ ግን ያቺም ዕድል ተዘጋች። ደንበኞች ከየፍላሻቸው ያመጡትን ቫይረስ አጸዳሁ፣ የማተሚያውን ወረፋ ባዶ አደረግሁ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ። አልተሻለውም። እውነቱን ለመናገር ሥሩን ቆፍሬ አልፈለግሁም ነበር። ቀን ከቀን እየነካኩት ውሎዬን እገፋ ነበር። ዛሬ ግን «ምኑን ትችለዋለች» ስትል ሰማኋት።

ቁጭ አልኩ። «እንዳታጠፊው!» አለች ከኋላዬ። «አላጠፋውም» አልኳት። በጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ለመክፈት ብቻ ብዙ ጠበቅሁ፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ወደ ታች ስወርድ፣ ስወርድ ጣቴ ደከመኝ። አንድ ስም ነው፤ የጥሪው ፕሮግራም ስም፤ እላዩ ላይ እየተደጋገመ፣ እየተደጋገመ፣ መጨረሻ የለውም። በዓይን የሚታይ አንድም የተከፈተ መስኮት የለም፤ ከበስተጀርባ ግን ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ ከማሽኑ ጉልበት ቁራጭ ቁራጭ ይዟል። አንዱን ዘጋሁት፣ ማሽኑ ትንፋሽ ያገኘ መሰለ። ሌላ ዘጋሁ። ማን እንደሚወልዳቸው ግን አልገባኝም ነበርና እጄን ሰብስቤ ዝም ብዬ ተመለከትኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ላይ ሲደርስ ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ አዲስ ተጨመረ። ማንም አልነካውም። ከኋላዬ እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ልጣጩ መሬት ሲወድቅ ይሰማኛል።

ማሽኑ በቀጠሮ የሚሠራቸው ሥራዎች የሚመዘገቡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ገባሁ። አብዛኛው ማሽኑ ራሱ ለራሱ ያስቀመጠው ነው፤ ከመካከላቸው በፊደላችን የተጻፈ አንድ አገኘሁ። «እማ» ይላል። ስከፍተው የወንድሜን እጅ አወቅሁት፤ ሰው በኮምፒውተር ቢጽፍም እጅ አለው፤ እሱ ቃል አያባክንም፣ ክፍት ቦታ አይተውም፣ ያሳጥራል። ጽሑፉ ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ ሦስት ትእዛዝ ነው። ጥራ። እስኪያነሳ ጠብቅ። ሲዘጋ አንተም ዝጋ። አለቀ። ሦስቴ አነበብኩት፤ ያመለጠኝ መስመር ያለ መስሎኝ እላይ እታች ፈለግሁ። የለም። ቢያነሳ ምን እንደሚደረግ ተጽፏል፤ ባያነሳ ምን እንደሚደረግ ግን አልተጻፈም። ማሽን ደግሞ ግትር ነው፤ ጠብቅ ካልሽው ይጠብቃል፣ ተወው የሚለው ከሌለ እዚያው ቆሞ ያረጃል። በሚቀጥለው ሰዓት ሌላው ይመጣና ከጎኑ ቆሞ መጠበቅ ይጀምራል። ማታም፣ ሌሊትም፣ ሲነጋም። እኔ እንኳ ለሰው ሥራ እንዲህ ዓይነት ስህተት ብሠራ የሚስቅብኝ እሱ ነበር። ለባንክ ቢጽፈው ኖሮ ባይነሳስ ብሎ አስር ጊዜ ያስብ ነበር። ለናቱ ሲጽፍ አላሰበም። ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣ እናቱ ከኋላው ቆማ፣ አንድ ቀን አላነሳም የሚል ሐሳብ በልቡ አልመጣበትም። ልረግመው አፌን ከፍቼ ነበር፤ እዚህ ላይ ስደርስ ዘጋሁት።

ምሳችንን በላን። ሾርባ ነው፤ ጨው በዝቶበታል። እናቴ ማንኪያዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደግፋ «ምን ሆኖ ነው ታዲያ?» አለችኝ።

«መጠበቅ በዝቶበት ነው» አልኳት።

«ማን?»

«ማሽኑ ነዋ።»

«እና መጠበቅ ማንን ገደለ?» አለችና ሳህኔን ከፊቴ አንስታ ሄደች።

ሳህኖቹ ሲንኳኩ እየሰማሁ አሰብኩ። እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። «እማ» የሚለውን በአንድ ጣት ላጠፋው እችላለሁ። ማሽኑ ይፈጥናል፣ ጠበቃው ወረቀቱን ይወስዳል፣ እናቴም ምንም ሳታውቅ፣ ልጇ ብቅ ባላለ ቁጥር «መኪናው ነው፣ እሷም አልቻለችው» እያለች ትኖራለች። እኔ የማልችል ሆኜ ልቀር ነው፤ እሷ ልጅ ያላት ሆና ልትቀር። ካስተካከልኩት ደግሞ ችሎታዬ ይታወቅልኛል፤ ከዚያ ግን የምታሳብብበት መኪና አይኖራትም። ሰው ትንሽ ልመስገን ብሎ የናቱን ሰበብ ይነጥቃል? ኩራቴ ተናገሪ ይለኛል፤ ልቤ ደግሞ ዝም በይ ይለኛል። ሁለቱንም ተውኩና ስልኬን አነሳሁ፤ ሦስተኛ መንገድ የነበረው በወንድሜ እጅ ነው።

«ኮምፒውተሩ ሲደውልልህ ይደርስሃል?» ብዬ ላክሁለት።

ቶሎ መለሰ፤ ስብሰባ ላይ ሆኖም ለኔ ጣት አያጣም። «ይደርሰኛል እንጂ! በየሰዓቱ እየጮኸ ሥራ ላይ ስላሳቀቀኝ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። እስካሁን አላጠፋችሁትም እንዴ?»

ያን ያነበብኩት መጋረጃው ሥር ቆሜ ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ሳህን እያደረቀች አንድ ነገር ታንጎራጉራለች፤ ዜማውን እንጂ ቃሉን አትጨርስም። ብዙ ስድብ ጻፍኩና አጠፋሁ፤ እንደገና ጻፍኩና አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይኼን ነው፦ «ድምፁን ክፈተው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ አንሳ። ዳቦህንም ገምጥ፣ ተጋደምም፣ እንደፈለግህ ሁን። አንሳ ብቻ። ለኔ ብለህ አይደለም፤ እኔን ታውቀኛለህ፣ ለራሴ ለምኜህ አላውቅም።»

«እሺ ሆዴ፣ እሞክራለሁ» አለ።

እሞክራለሁ። በቤታችን እሞክራለሁ ማለት እንቢ ማለት ነው፣ ፀጉሩን ያበጠረ እንቢ። ቢሆንም እሺም አለበት። ሰው የሚፈልገውን ቃል ነው የሚመርጠው፤ እኔም እሺን መረጥኩ።

ተመልሼ ተቀመጥኩና የወንድሜ ሦስት ትእዛዝ ላይ የኔን ጨመርኩ። ጥራ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ካላነሳ ዝጋና ሂድ፤ ነገ ተመልሰህ ጥራ። በየሰዓቱ የነበረውን በቀን አንድ ጊዜ፣ አስር ሰዓት ላይ አደረግሁት። ድሮ መስኮቱ ብቅ የሚለው እሱ ሲያነሳ ብቻ ነበር፤ ደንበኛ እንዳይረበሽ ብሎ ነው። ይኼንንም እንዳለ ተውኩት። ከዚያ ከኋላ የተሰለፉትን አንድ ላይ መርጬ ዘጋኋቸው። ቀስቷ «ተከሳሽ» ከሚለው ቃል ላይ ተፈትታ እንደ ዝንብ በረረች። ማራገቢያው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ጸጥ አለ።

ያን ጸጥታ አላሰብኩትም ነበር። ለስንት ወር ቤታችን ውስጥ ሲያጓራ ኖሮ ጆሯችን ለምዶታል፤ ሲያቆም ክፍሉ የሰፋ መሰለ፤ ከመንገድ የሰው ኮቴ ተሰማ፤ ከጓዳ የቧንቧው ጠብታ። እናቴ ጨርቅ እንደያዘች መጋረጃውን ገልጣ ቆመች።

«ሞተ?» አለች።

«አልሞተም፣ እማ። ዳነ።»

«ማን ሠራው?»

«ማን ይሠራዋል ብለሽ ነው? እኔ ነኛ።»

አላመሰገነችኝም። መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ስክሪኑን አየችው፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ስክሪኑን። «ታዲያ የታለ?» አለችኝ።

የፈራሁት መጣ። «አስር ሰዓት ላይ ይጠራዋል» አልኳት።

«ሲጠራው ልየው።»

«እማ፣ ሲያነሳ ብቅ ይልልሻል እኮ...»

«ሲያነሳማ አውቀዋለሁ። ሲጠራው ነው ልየው ያልኩሽ። ሠርቼዋለሁ ብለሽ የለም? አሳይኛ!»

ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ የምመልሰው አላጣም። ለሷ ግን ዞር አልኩና መስኮቱ ከመጀመሪያው እንዲታይ አደረግሁ፤ አንዲት ቃል መቀየር ነው። እሷ ተነስታ ጓዳ ገባች። ፊቷን ስትታጠብ ሰማሁ፤ ቁም ሳጥኑ ሲንቋቋ ሰማሁ። ስትመለስ ሻሿን ቀይራለች፣ ቅባት የተቀባ እጇ ያበራል። በመሀሉ አንዲት ተማሪ የፈተና መግቢያ ካርዷን ላሚኔት ልታስደርግ መጣችና «እማማ ዛሬ ደምቀዋል፤ ሠርግ አለ እንዴ?» አለቻት። «ልጄ ሊመጣ ነው» አለች እናቴ። ልጅቷ ወደ መንገዱ ዞራ መኪና ፈለገች። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ሆኖ ካርዱን ሳስገባ ጠርዙ ተጣመመ፤ ደግሜ በነፃ ሠራሁላት።

አስር ሰዓት ሆነ። መስኮቱ ተከፈተ። መሀሉ ላይ የወንድሜ ፎቶ አለ፤ ሳይሄድ የተነሳው፣ ይቺው ሱቅ ውስጥ፣ የዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ማተሚያ አቅፎ። በጥጉ ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ደግሞ እናቴ። ራሷን ስታይ ደንገጥ አለችና ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ጥሪው ጀመረ፤ ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ረጅም ድምፅ።

«እየጠራው ነው?»

«እየጠራው ነው።»

«ይሰማዋል?»

ኢንተርኔቱ ደካማ ነው ልላት እችል ነበር፤ መስመሩ ተጨናንቋል፣ ዝናብ ነው፣ ሳተላይቱ ወድቋል። ውሸት ሞልቶኝ ነበር፣ ምላሴም አይታማም። ፊቷን በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ አየሁት፤ መልሱን የምትጠብቀው ከኔ አልነበረም፤ ከፎቶው ነው። «ይሰማዋል፣ እማ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ አንድ ሰው ከሌላ ክፍል «መጣሁ» ያላት ይመስል ጠበቀች። እኔ ስልኬን በጠረጴዛው ሥር ይዤ «አንሳ» ብዬ ላክሁ፤ «አንሳ፣ አንሳ፣ አንተ የተረገምክ፣ አንሳ» ብዬ ላክሁ። ረጅሙ ድምፅ ቀጠለ። ከመንገድ አንዱ «ኮፒ አለ?» ብሎ አንገቱን አስገባ፤ እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል በእጇ ቆይ አለችው፤ ቆመ፤ ሲሰለቸው ወደ ማዶ ተሻገረ። አንዴ ብቻ ድምፁ ተቆራረጠ፤ ሁለታችንም ከወንበራችን ብድግ አልን። መልሶ ቀጠለ። ተቀመጥን። ከዚያ መስኮቱ እኔ እንዳስተማርኩት ራሱን ዘጋ። ስክሪኑ ላይ የቀረው የጠበቃው የክስ መልስ ነው።

«ማን ዘጋው?» አለች።

«ራሱ ነው። ጠብቆ ጠብቆ ካልተነሳለት ይተወዋል። እኔ ነኝ እንዲያ ያደረግሁት።»

«ከዚያስ?»

«ነገ አስር ሰዓት ላይ እንደገና ይጠራል።»

«የዛሬውን ረስቶ?»

«ረስቶ። እንደ አዲስ።»

ጣቷ ቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ይመዛል። «ታድሎ» አለች።

እዚያው ቁጭ ብላ ሳለ ጠበቃው መጣ፤ ያልኩት ሰዓት ገና ነው ብሎ ሰዓቱን እያሳየኝ፣ ተስፋ የቆረጠ ፊቱን ለመልካም ነገር አዘጋጅቶ። ማተሚያው እየሠራ ነበር። ትኩስ ወረቀቱን ከሥሩ ተቀብዬ አስተካክዬ በስቴፕለር መታሁለት። «ኢንጂነር! እኔ እኮ ብያለሁ!» አለ፤ ያለው ግን ለጨዋነት ነበር። ወደ እናቴ ዞሮ «እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ መኪናዎ ተነሳ» አላት።

እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ መለሰችለት። ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም። «ልጄ ናት የሠራችው» አለች። «ለካ ምንም አልነበረበትም። ደህና ነው፤ ሲጠራም አይቼዋለሁ። መኪናው ደህና ነው።»

ያቺን «ልጄ ናት የሠራችው» ለስንት ዓመት ጠብቄያት ነበር። በሰው ፊት ስትባልልኝ፣ ምን እንደምመልስ፣ እንዴት ግድ እንደሌለኝ እንደምሆን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጠበቃው ሊያጨበጭብልኝ ቃጣው። እኔ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ስከት ጎኑን ቀደድኩትና ሌላ ፖስታ ፍለጋ አጎንብሼ መሳቢያው ውስጥ ቆየሁ።

ሊመሽ ሲል በሩን ግማሽ መለስኩ። ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «ስብሰባው ረዘመብኝ። ነገ በእርግጥ። እማን ሳሚልኝ» ይላል። እናቴ ወንበሯን ከስክሪኑ ፊት አንስታ ግድግዳው ጥግ ታስጠጋለች፤ ብረቱ ሲሚንቶውን እየፋቀ ጮኸ። ሄድኩና ጉንጯን ሳምኳት፤ የተቀባችው ቅባት ይሸታል። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች።

«የሱ ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «የኔ ነው።»

ዓይኗን ገለጠች። ቶነር የዋጠውን እጄን ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ፈተግ ፈተግ አደረገችው፤ አለቀቀላትም። «በሎሚ ነው እንጂ በሳሙና መቼ ይለቃል» አለችኝ። መጋረጃውን ገልጣ ልትገባ ስትል ዞር ሳትል ጨመረችልኝ፦ «አጥፊውና ግቢ። እሱም ይረፍ።»

ለስንት ወር የለመንኳትን ነው የፈቀደችልኝ። ሄጄ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አደረግሁ። ማሽኑ ጸጥ ብሏል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የተከፈተ የለም፣ ከጀርባም የሚጠብቅ አንድም እንደሌለ አውቃለሁ፤ በገዛ እጄ ነው የዘጋኋቸው። ጣቴ ግን እዚያው ቀረ።

«ለዛሬ እንደበራ ይደር፣ እማ» አልኳት።